በአንድ እጅ ወይም ከዊልቸር ላይ ሆኖ ዓሣ ማጥመድ፦ ምን ይገዛል፣ ምን እቤት ይሠራል

አባቴ ያደጉት ሐዋሳ ነው። ልጅ ሳሉ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን እቤት ወርውረው በቀጥታ ሐይቁ ዳር ይወርዱ ነበር። ናይለን ክር፣ አንድ መንጠቆ፣ ትንሽ ትል፣ በቃ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚህ ቨርጂኒያ ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። መራመዱ ቀስ በቀስ ተመልሶላቸዋል፣ ረጅም መንገድ ግን በዊልቸር ነው። አንድ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ያለ መናፈሻ ወሰድኳቸው። ሰዎች ሲያጠምዱ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና "እኔማ ከእንግዲህ..." ብለው ሳይጨርሱት ተዉት።

ያቺን ሰምቼ መተኛት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ጠየቅሁ፣ ገዛሁ፣ ቆረጥኩ፣ ተበላሽቶብኝ እንደገና ሠራሁ። ቤታችሁ አንድ እጁ የደከመ፣ ዊልቸር የሚጠቀም ወይም የማያይ ሰው ካለ፣ ወይም ያ ሰው እናንተ ከሆናችሁ፣ እኔ የለፋሁትን ያህል እንዳትለፉ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው የሚያስበው "እጅ ከሌለ እንዴት ይጠመዳል" ብሎ ነው። ዓሣ ማጥመድ ላይ ግን የእጅን ጊዜ የሚበላው ዘንግ ይዞ መቆም ነው። ዘንጉን ሌላ ነገር ከያዘው ያለችው አንድ እጅ ነፃ ትወጣለች፣ ክር ታጠነጥናለች፣ ትል ትሰካለች፣ ሻይ ትጠጣለች። ስለዚህ መጀመሪያ የዘንጉን ማቆሚያ አስተካክሉ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በባትሪ የሚሠራ ውድ ሪል (ክር ማጠንጠኛ) ነበር የገዛሁት። ከብዶ እጃቸው ላይ አልቆም አለ፣ ማቆሚያ ስላልነበረን ደግሞ የምናስቀምጥበት ጠፋ። ለወራት ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ዘንጉን የሚይዘው ነገር

ሦስት ዓይነት መንገድ አለ። ዊልቸሩ ላይ ይታሰራል፣ ደረት ወይም ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ወይም መሬት ላይ ወይም ውሃው ላይ በተሠራ የማጥመጃ መድረክ አጥር ላይ ይተከላል። ሁሉም ተሠርቶ ይሸጣል። ደረት ላይ የሚለበሰው እንደ ሕፃን ማዘያ በትከሻ የሚታሰር ሲሆን የዘንጉ እጀታ ፊት ለፊቱ ያለ ኪስ ውስጥ ይገባል። ቆሞ ለሚያጠምድ ባለ አንድ እጅ ሰው እሱ በጣም ጥሩ ነው። ተቀምጦ ለሚያጠምድ ግን ዊልቸሩ ላይ የሚታሰረው ይሻላል፣ ምክንያቱም ክብደቱን ሰውነት አይሸከምም።

እኛ የተጠቀምነው እቤት የሠራነውን ነው። ውሃ የሚዘረጋበት የፒቪሲ ቱቦ ግዙ፣ የአፉ ስፋት 2 ኢንች የሆነ። 40 ሴንቲሜትር ያህል ቁረጡ። በአንደኛው ጫፍ ከአፉ ጀምሮ ወደ ታች 8 ሴንቲሜትር የሚወርድ፣ ስፋቱ 2.5 ሴንቲሜትር የሆነ ስንጥቅ በመጋዝ አውጡለት። የሪሉ አንገት እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ሲቀመጥ ዘንጉ አይሽከረከርም። የቆረጣችሁትን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ደህና አድርጋችሁ ፈትጉት፣ አለበለዚያ እጅ ይቆርጣል። ከዚያ የድሮ ብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የዊልቸሩ ብረት ላይ ጠምጥሙና ቱቦውን በላዩ ላይ፣ በብሎን በሚጠብቅ የቱቦ ማሰሪያ ብረት ሁለት ቦታ እሰሩት። ላስቲኩ ቱቦው እንዳይንሸራተት ያደርጋል፣ የዊልቸሩንም ቀለም አይልጥም።

የት እንደሚታሰር ግን አስቡበት። ወደ ላይ ተነቅሎ የሚወጣ የእጅ መደገፊያ ላይ አትሰሩ፤ ዓሣው ሲጎትት መደገፊያው ከነዘንጉ ነው የሚነሳው። ዋናው ብረት ላይ ይሁን። ጎማው ሲዞር ቱቦውን አይንካ፣ ዊልቸሩ ሲታጠፍም አያግደው። የዘንጉ ጫፍ ከውሃው ወደ ላይ ቀና ብሎ ይታይ፣ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይበቃል። ቦታው ደግሞ ከሁለቱ ጉልበት መሃል ትንሽ ወደ ደህናው እጅ ያዘነበለ ይሁን። እኛ መጀመሪያ በደካማው ጎን ነበር ያሰርነው፣ "ደህናው እጅ ነፃ ይሁን" ብለን። ሪሉን ለማዞር በደረታቸው ላይ አሻግረው ሲዘረጉ ግን በአሥር ደቂቃ ትከሻቸው ዛለ።

ሌላ፣ ዘንጉን በገመድ ሰውየው ላይ አትሰሩ። በገመድ ማሰር ካለባችሁ ከመድረኩ አጥር ጋር እሰሩት። ትልቅ ዓሣ ዘንግ ይዞ ቢሄድ ዘንግ ነው የሚጠፋው።

ጣት ብቻ ደክሞ ክንዱ የሚሠራ ሰው ካለ ደግሞ ማቆሚያ ላያስፈልገው ይችላል። እጅን በቬልክሮና በዘለበት እጀታ ላይ ጠቅልሎ የሚያስር ጓንት አለ። አክቲቭ ሃንድስ የሚባል የእንግሊዝ ድርጅት ለዚህ ብሎ የሚሠራውን ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ቀላሉ ደግሞ የዘንጉን እጀታ ማወፈር ነው። የሙቅ ውሃ ቧንቧ የሚለበሰውን ስፖንጅ ቆርጣችሁ አልብሱት። ጣቱ ሙሉ ለሙሉ የማይጨበጥ ሰው ቀጭን እጀታ ይዞ መቆየት አይችልም፣ ወፍራሙን ግን ይይዛል።

የትኛው ሪል?

ለአንድ እጅ የሚመቸው ከላይ የተሸፈነው፣ ከኋላው በአውራ ጣት የሚጫን ቁልፍ ያለው ነው። አሜሪካ ያላችሁ ዜብኮ የሚለውን ስም ትልልቅ ሱቆች ውስጥ ታዩታላችሁ። ታሪኩ ደስ ይላል። አር ዲ ሃል የሚባል የቴክሳስ ሰዓት ሠሪ፣ ባለሱቅ ዕቃ ለማሰር ከትልቅ ጥቅል ላይ ሲባጎ ሲመዝ አይቶ "ጥቅሉ ሳይዞር ክሩ መውጣት ይችላል" የሚል ሐሳብ መጣለት ይባላል። ሐሳቡን ይዞ የሄደው ቱልሳ፣ ኦክላሆማ ወዳለ፣ ለነዳጅ ጉድጓድ በሰዓት የሚፈነዳ ቦምብ ይሠራ ወደነበረ ድርጅት ነው። የመጀመሪያው ሪል በ1949 ወጣ። ዜብኮ የሚለው ስም ራሱ ከ"ዜሮ አወር ቦምብ ካምፓኒ" የመጣ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሪል የልጆች ነው ብለው የሚንቁት አሉ። አትስሟቸው። ለአንድ እጅ ከዚህ የተሻለ ርካሽ ነገር አላየሁም።

አባቴ የሚወረውሩት እንዲህ ነው። ዘንጉን በግራ እጃቸው ይይዛሉ፣ ቁልፉን በአውራ ጣት ተጭነው ይቆያሉ። ዘንጉን ወደ ኋላ ይወስዱታል፣ ወደ ፊት ይመልሱታል፣ ዘንጉ ከፊታቸው ሲደርስ አውራ ጣታቸውን ይለቃሉ። ክሩ ይሄዳል። መንጠቆው ውሃ ሲገባ ዘንጉን ቱቦው ውስጥ ይከቱታል። ያቺው ግራ እጅ አሁን ነፃ ናት፣ መዘውሩን ሁለት ዙር አዙራ ክሩን ታጠብቃለች። ይኸው ነው። መጀመሪያ እቤት ጓሮ፣ መንጠቆ ሳይኖረው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ክብደት ብቻ አስረን ተለማመድን። ሃያ ጊዜ ያህል እግራቸው ሥር ወደቀ። ቁልፉን አዘግይተው ስለሚለቁት ነበር። ቀደም አድርገው መልቀቅ ሲጀምሩ አጥሩ ጋ ደረሰ።

ሪል ስትገዙ መዘውሩ በየትኛው በኩል እንዳለ እዩ። ብዙዎቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይገለበጣሉ፣ የማይገለበጡም አሉ። ደህናው እጅ ባለበት በኩል መሆን አለበት። የመዘውሩ ጉብታ ትንሽ ከሆነ የቴኒስ ኳስ በስታችሁ ሰኩበት፣ በሙሉ መዳፍ ይዞራል። ርቀት አያስጨንቃችሁ። መድረክ ሥር ጥላ አለ፣ ትንንሾቹ ዓሦች የሚያድሩት እዚያ ነው። መወርወር ጭራሽ የማይችል ሰው ክሩን ከመድረኩ ቀጥ አድርጎ ቢያወርደው እንኳ ያገኛል።

ያ ቁም ሳጥን ውስጥ የቀረው የባትሪ ሪልስ? እሱም ባለቤት አለው። በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠሩት፣ እንደ ዳይዋና ሺማኖ ያሉ ድርጅቶች ለጥልቅ ባሕር የሚያመርቷቸው፣ አንድ ቁልፍ ሲነካ ክሩን ራሳቸው ያጠነጥናሉ። ሁለቱም እጁ ለማይሠራ ሰው በጆይስቲክ ወይም በአፍ በሚነፋና በሚሳብ ቀጭን ቱቦ እንዲታዘዙ ተደርገው የተሠሩ አሉ። ከአንገት በታች የማይንቀሳቀስ ሰው በትንፋሹ ዓሣ ያወጣል ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ዋጋውን ይገባዋል። አንድ እጁ ደህና ለሆነ ግን አያስፈልግም፣ ገንዘባችሁን ያዙ።

መንጠቆ፣ ክር፣ ማባበያ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ዓሣ ማውጣቱ ላይ ሳይሆን ቋጠሮው ላይ ነው።

ቋጠሮውን ውሃ ዳር አትቋጥሩት። እቤት፣ ከሰው ጋር፣ ቁጭ ብላችሁ አሥር መንጠቆ በአጭር በአጭር ክር አስሩና ሌላኛውን ጫፍ ቀለበት አድርጉት። ዋናው ክር ጫፍ ላይ እንደ መርፌ ቁልፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ መንጠልጠያ ይኑር። መንጠቆ ሲበጠስ አሮጌውን አውልቆ አዲሱን መሰካት ብቻ ነው፣ በአንድ እጅ ይቻላል። ያሰራችኋቸውን መንጠቆዎች ስፖንጅ ላይ በተርታ ሰክታችሁ ያዙ።

መንጠቆው ክብ የሆነው ይሁን። ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ ነው። ተራውን መንጠቆ ዓሣው ሲነካ ፈጥኖ መሳብ ያስፈልጋል፣ ክቡ ግን ዓሣው ይዞት ሲሄድ ራሱ ከንፈሩ ጥግ ላይ ይያዛል። ዘንጉ ማቆሚያ ላይ ላለ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ስለዚህ ክር ሲንቀሳቀስ ዘንጉን አትመንጭቁ፣ ዝም ብላችሁ ቀስ እያላችሁ አጠንጥኑ። የመንጠቆውን የውስጥ እሾህ ደግሞ በፒንሳ ተጭናችሁ አስተኙት። ከዓሣው አፍ በቀላሉ ይወጣል፣ ከሰው ጣትም እንደዚያው።

ሕያው ትል በአንድ እጅ መሰካት ከባድ ነው፣ ይሸሻል። መንጠቆውን ጭን ላይ ባለ ጣውላ ላይ ጠረጴዛ በሚይዝ ማጥበቂያ አስይዛችሁ ትሉን ወደ መንጠቆው ማምጣት ትችላላችሁ። እኛ ግን ትተነዋል። የቆርቆሮ በቆሎ ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ ይበቃል። ሊጥ በአንድ እጅ መጨበጥ ነው፣ የእኛ እናቶች ዳቦ ሲያድበለብሉ እንደሚያደርጉት።

ለማያይ ሰው

ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ቃጭል አለ፣ ዋጋው የማይረባ ነው። ዓሣ ሲነካ ይጮኻል። አውሮፓ ውስጥ ካርፕ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱት በኤሌክትሪክ የሚጮህ ይጠቀማሉ፣ እሱም ጥሩ ነው። ክሩ የተጎነጎነው ዓይነት ይሁን። እንደ ናይለን ስለማይለጠጥ የዓሣው ንክኪ በቀጥታ ጣት ላይ ይደርሳል። ምን ያህል ክር እንደወጣ ለማወቅ መዘውሩን መቁጠር ነው፤ አንድ ዙር ስንት እንደሚስብ እቤት በሜትር ለኩት፣ ከዚያ ስንት ዙር ሲቀር መንጠቆው እግር ሥር እንደሚደርስ ይታወቃል። መንጠቆው በድንገት ወጥቶ ፊት እንዳይመታ ይህ ቁጥር ዋና ነገር ነው። መነጽርም ይደረግ፤ የማያይም ሰው ዓይኑን መጠበቅ አለበት።

ቦታው

አሜሪካ ውስጥ በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ዓሣ ማጥመጃ መድረኮችንም ይመለከታል። የ2010ሩ መመዘኛ አጥር ካለ ቢያንስ ሩብ ያህሉ ከ34 ኢንች፣ ማለትም ከ86 ሴንቲሜትር በላይ እንዳይሆን ይላል። ከዊልቸር ላይ ሆኖ ዘንግ ማሳለፍ እንዲቻል ነው። ጠርዙ ላይ ደግሞ ጎማ እንዳይንሸራተት 2 ኢንች ከፍታ ያለው ማገጃ ወይም ሌላ መከላከያ ይጠይቃል። እኔ ቦታ ስመርጥ ሜትር ይዤ እሄዳለሁ። በዋሽንግተን ዙሪያ ያለን ብዙ ነን፣ ስለዚህ ሁለት ቦታ ልጥቀስ፦ ፌርፋክስ ካውንቲ ያለው በርክ ሐይቅና ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ አጠገብ ያለው አርቴሚዢያ ሐይቅ። አርቴሚዢያ የተቆፈረው ለዋሽንግተኑ ባቡር (ሜትሮ) አረንጓዴ መስመር አሸዋና ጠጠር ሲወጣ ነው። ዙሪያው ሜዳ ነው፣ መንገዱም አስፋልት፣ ዊልቸር አይቸገርም።

እዚሁ አካባቢ ፕሮጀክት ሂሊንግ ዋተርስ የሚባል ድርጅትም በ2005 ተጀምሯል። የተነሳው ጆርጂያ አቬኑ ላይ በነበረው በድሮው ዋልተር ሪድ ሆስፒታል የተጎዱ ወታደሮችን ዓሣ ማጥመድ በማስተማር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የኖረ ሐበሻ በዚያ በር ስንቴ አልፏል።

የፈቃድ ነገር በየስቴቱ ይለያያል። ቨርጂኒያ ውስጥ በሕግ ዓይነ ስውር የሚባል ሰው ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ሙሉና ቋሚ የአካል ጉዳት ላለበት ነዋሪ ደግሞ ለዕድሜ ልክ የሚሆን ልዩ ፈቃድ አለ። ረዳቱ ራሱ ዘንግ የሚወረውር ከሆነ ግን ለራሱ ሊያስፈልገው ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ።

ኢትዮጵያ ላላችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ሐዋሳም ሆነ ዝዋይ አብዛኛው ዳርቻ ጭቃ ወይም ድንጋይ ነው፣ ዊልቸር ይሰምጣል። ሁለት ወፍራም ኮምፔርሳቶ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን አንጥፋችሁ ግቡበት፣ ሁለተኛውን ከፊቱ አንጥፉ፣ እንዲህ እያፈራረቃችሁ። ሪል ባታገኙም ችግር የለም። ረጅም ሸምበቆ ጫፉ ላይ የራሱን ቁመት የሚያህል ክር አስራችሁ ያንኑ ቱቦ ውስጥ ስትከቱት ለቆሮሶ ይበቃል። ዓሣው ሲይዝ ማንሳት ብቻ ነው፣ የሚጠነጠን የለም። ወይም ክሩን ባዶ ሃይላንድ ላይ ጠቅልሉት። ሃይላንዱን በሁለት ጉልበት መሃል ቆንጥጦ በአንድ እጅ መጠቅለል ይቻላል።

ሁለት ነገር ግን አደራ። ጉማሬ ያለበት ዳርቻ ላይ አመሻሽ አትቆዩ፤ ሐዋሳም አለ፣ ጫሞ ላይ ደግሞ አዞም ይጨመራል። ሮጦ የማያመልጥ ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከውሃው ዳር ይነሳ። ቢልሃርዚያም በእነዚህ ሐይቆች ስላለ እግርን ውሃ ውስጥ አትንከሩ።

ሰውነትን መጠበቅ

የጀርባ አጥንት ጉዳት ያለበት ሰው ከጉዳቱ በታች ላያልበው ይችላል። ስለዚህ እናንተ ምንም ሳይመስላችሁ እሱ በሙቀት ይታመማል። ጥላ፣ ውሃ፣ ፊትና ክንድ ላይ የሚረጭ ጠርሙስ ይኑር። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ከመቀመጫ ከፍ ብሎ ወይም ዘንበል ብሎ ክብደቱን ይቀይር፤ ዓሣ ሲይዝ ይህ ይረሳል፣ በመቀመጥ ብዛት የሚመጣው ቁስል ግን ለወራት ላይድን ይችላል። ስሜት የሌለው እግር ላይ መንጠቆ ቢሰካ ሰውየው አይሰማውም። ጭን ላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም ያንን ጣውላ አኑሩ፣ ከመሄዳችሁ በፊትም እግሩን እዩ።

መድረክ ላይ ዊልቸሩ ለውሃው ጎኑን ሰጥቶ ይቁም፣ ፍሬኑም ይያዝ። ተንሳፋፊ ጃኬት ሁልጊዜ። ጀልባ ላይ ከሆናችሁ ሰውየውን ከዊልቸሩ ጋር ፈጽሞ አትሰሩት። የኤሌክትሪክ ዊልቸር ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ይዞት ይወርዳል።

ለረዳቶች የምለው አንድ ነው፦ እጃችሁን ሰብስቡ። ቃጭሉ በጮኸ ቁጥር ዘንጉን የሚነጥቅ ረዳት ሰውየውን ተመልካች ያደርገዋል። እኔም ልማዱ ነበረብኝ። በርክ ሐይቅ ላይ፣ ሦስተኛ ጉዟችን ላይ ይመስለኛል፣ ቃጭሉ ሲጮኽ እጄን ዘረጋሁ። "ተው፣ አትንካው" አሉኝ፣ ልጅ ሳለሁ በሚቆጡኝ ድምፅ። ግራ እጃቸውን የቴኒስ ኳሱ ላይ ጭነው ቀስ እያሉ አዞሩ። ወጣ። መዳፍ የሚያህል፣ ሆዱ ብርቱካንማ የሆነ ዓሣ። ጭናቸው ላይ እርጥብ ፎጣ ነበር፣ እሱ ላይ አሳረፉትና በፎጣው ሸፍነው በደካማው ክንዳቸው ደገፍ አደረጉት፣ በግራቸው መንጠቆውን በመቆንጠጫ አወጡ። ያ ክንድ ከታመሙ ወዲህ ለሥራ ሲውል ያየሁት ያን ዕለት ነው።

አገላብጠው አዩትና "ከሐዋሳ ቆሮሶ ያንሳል" ብለው ወደ ውሃው መለሱት። ከዚያ በቆሎውን አቀብለኝ አሉኝ።